የፋይበርግላስ ተራዛሚ መሰላል፦ ሁለት ክረምት ከሰራሁበት በኋላ

የመሰላሉን ጫፍ የሸፈነችውን ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን ልፍታት ስለው ባለሱቁ ደነገጠ። «ወንድሜ፣ ገዝተህ ስታበቃ ቤትህ ወስደህ እንደፈለግህ ፍታው። እዚህ ምን ልታይ ነው?» አለኝ። የመጣሁት እሷን ጫፍ ለማየት እንደሆነ፣ ካላየሁ እንደማልገዛ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ልጁን «በል ካቻቢቴ አምጣለት» አለው። ክዳኗ ስትወልቅ የቋሚው፣ መርገጫዎቹን ከጎን የሚይዘው ረጅም ዘንግ፣ የተቆረጠ ፊት ታየ። ዙሪያውን ቢጫ ነው፤ መሃሉ ግን እንደ ተቆረጠ ሸንኮራ አገዳ ነጠብጣብ ነጠብጣብ አለበት። መሰላሌን የመረጥኩት ያን ነጠብጣብ አይቼ ነው።

ይህ የሆነው ጥቅምት 2016 መርካቶ ውስጥ ነው። እኔ የቤትና የህንጻ ኤሌክትሪክ ሰራተኛ ነኝ። የውጭ መብራት፣ ካሜራ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ እሰቅላለሁ፤ ያረጀ ገመድ እቀይራለሁ። መሰላሉ በሳምንት አራት አምስት ቀን ትከሻዬ ላይ ነው። የሙያ ጓደኞቼ ባገኙኝ ቁጥር «ያን ሁሉ ብር ለመሰላል?» ስለሚሉኝ፣ መልሴን አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

እቃው እንዲህ ነው። ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል 14 መርገጫ። ተደራርቦ ሲቀመጥ 4 ሜትር ከ27 ሴንቲ ነው፤ በገመዱ ስቦ ሲዘረጋ 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ይደርሳል፤ ሁለቱ ክፍሎች መሃል ላይ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው መደራረብ ስላለባቸው የሁለቱ ርዝመት ድምር አይገኝም። መርገጫዎቹ አሉሚኒየም ናቸው፤ ሁለቱ ቋሚዎች ፋይበርግላስ። ክብደቱ 27 ኪሎ። ተለጣፊው ላይ 300 ፓውንድ ይላል፤ በኪሎ 136 ነው፤ አሜሪካኖቹ «ታይፕ ዋን ኤ» የሚሉት ደረጃ። የአውሮፓውን የመሰላል ደረጃ፣ ኢኤን 131ን፣ የሚከተሉት ደግሞ 150 ኪሎ ተብለው ይመጣሉ። ይህ ቁጥር የሰውየው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የመሳሪያው ቦርሳ፣ ድሪሉ፣ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለው ጥቅል ገመድ ሁሉ ተደምሮ ነው። የከፈልኩት 61 ሺህ ብር ነው። ያው ቁመት ያለውን አሉሚኒየም በ38 ሺህ ይሰጡኝ ነበር።

የብራንዱን ስም ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ያን ቀን አንድ አይነት ተለጣፊ የተለጠፈባቸው ሶስት መሰላሎች አይቻለሁ፤ ክዳናቸው ሲነሳ የሶስቱም ውስጥ የተለያየ ነበር።

በፊት የነበረኝ አሉሚኒየም ነው። ቀላል ነው፣ ሲወጡበት አይወዛወዝም፣ አይዝግም። 2014 ክረምት ላይ አብሮኝ የሚሰራው ልጅ የግቢ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መብራት ሊቀይር ወጣበት። ብሬከሩን አጥፍተናል፤ ያጠፋነው ግን የሌላ መስመር ኖሯል። ሽፋኑ የተላጠ ፌዝ፣ ኮረንቲ የያዘው ሽቦ፣ የእጁን ጀርባ ነካው። የመሰላሉ እግር ያረፈው ዝናብ የጠገበ ሳር ላይ ነው። ኮረንቲው በእጁ ገብቶ፣ በእግሩ ወጥቶ፣ በመርገጫውና በአሉሚኒየሙ ቋሚ ወደ መሬት ወረደ። ይዞት አልቀረም፣ ወረወረው፤ የግራ እጁ አንጓ ተሰበረ። ሶስት ወር ሙሉ ካቻቢቴ መያዝ አልቻለም። የዚያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ገመዱን በቴስተር፣ ኮረንቲ ሲነካ በሚበራው መፈተሻ፣ ሳላረጋግጥ ልጁን አወጣሁት። ግን ስህተታችን እንዲህ ቀጥ ያለ መንገድ ያገኘው በመሰላሉ ነው። አሉሚኒየሙን ለአንድ ቀለም ቀቢ፣ ከሽቦ እንዲያርቀው አጥብቄ ነግሬ ሸጥኩትና አንድ ዓመት በባህር ዛፍ መሰላል እየሰራሁ ለፋይበርግላሱ አጠራቀምኩ።

ሌሎች ሰዎች ስለማያዩት ነገር ልጽፍ ነው አሁን። ከ2002 እስከ 2006 በእኛ አቆጣጠር ኤምሬትስ፣ ሻርጃ ውስጥ እንዲህ ያለውን ቋሚ፣ የኬብል ትሪና የፋብሪካ ወለል ፍርግርግ በሚያመርት ድርጅት ሰርቻለሁ። ፋይበርግላስ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የውሃ ታንከር ወይም የጀልባ ገላ ነው፤ በብሩሽ እየተቀባ፣ ንብርብር በንብርብር ላይ እየተጫነ የሚሰራ። የመሰላል ቋሚ እንደዚያ አይሰራም። የሚሰራበት ዘዴ ፐልትሩዥን ይባላል። የአሉሚኒየም ዘንግ ከኋላ ተገፍቶ በቅርጹ ቀዳዳ በኩል ይወጣል፤ ይሄኛው ከፊት ተስቦ ነው የሚወጣው። ፋብሪካው በሙሉ አንድ ረጅም መሳብ ነው።

የእኔ ቦታ የመስመሩ መነሻ ላይ፣ ክሩ ጋ ነበር። ያደግሁት ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ አጎቴ ቤት ነው፤ ልጅ እያለሁ ክር ሳዳውርለት ኖሬያለሁ። ሻርጃ የመጀመሪያ ቀን የመደርደሪያውን ረድፍ ሳይ፣ ከመቶ በላይ የሆኑ ነጭ ጥቅሎች ተደርድረው፣ ከእያንዳንዳቸው አንዳንድ ክር እየወጣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጓዝ፣ «ድር ነው» አልኩ በልቤ። ህንዳዊው አለቃችን ሮቪንግ ይለዋል። አንዱ ክር እንግዲህ ከጸጉር የቀጠኑ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የመስታወት ሰበዞች ጥቅል ነው። በእጅ ሲይዙት ሐር ይመስላል፤ ማታ ግን ክንድ ላይ ያሳክካል። በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው ሌሊቱን አይተኛም፤ መጀመሪያ በቀዝቃዛ፣ ሳይፈትጉ ማውረድ ነው ያለብን እየተባባልን እንማማር ነበር።

ክሮቹ ቀዳዳ ባለው ሰሌዳ አልፈው ሬዚን የሚባል፣ እንደ ሙጫ ያለ ፈሳሽ ወደሞላበት ገንዳ ይገባሉ። የእኛ ሬዚን ፖሊስተር ነበር፤ ሽታው ልብስ ላይ ስለሚቀር አውቶቡስ ውስጥ የእኛ ፋብሪካ ሰው በአፍንጫ ይታወቃል። ክሩ ጠጥቶ ሲወጣ ትርፉ ይጨመቃል። እዚህ ላይ የአጎቴ ትምህርት ጠቀመኝ። ድር ብቻውን ጨርቅ አይሆንም፤ ማግ ያስፈልገዋል። ክሮቹ ሁሉ በቁመት ብቻ ቢሄዱ ቋሚው ወደ ታች ሲጫኑት እጅግ ጠንካራ ይሆናል፤ በጎን ሲመቱት ወይም ብሎን ሲያጠብቁበት ግን እንደ ማገዶ በቁመቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከላይና ከታች ማት የሚባል ይጨመራል፤ ክሩ እንደ ተበተነ ጥጥ በየአቅጣጫው የተጋደመበት ንጣፍ ነው። የማግን ስራ የሚሰራው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እንደ ነጠላ የሳሳ የፖሊስተር ጨርቅ ይለብሳል፤ መስታወቱ ወደ ላይ ወጥቶ እጅ እንዳይወጋ፣ ጸሃይም ቶሎ እንዳታገኘው።

ይህ ሁሉ እርጥብ ነገር ተሰብስቦ፣ ቀስ በቀስ የመሰላሉን ቋሚ ቅርጽ እየያዘ ወደ ዳዩ ይገባል። ዳይ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ውስጡ እንደ መስታወት የተወለወለና ክሮም የተቀባ ብረት ነው፤ ከመቶ ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሬዚኑ እዚያ ውስጥ ሲጠነክር ራሱም ሙቀት ያወጣል። ፈሳሽ ሆኖ ገብቶ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል፤ እንደ ጀሪካን ፕላስቲክ ተመልሶ አይቀልጥም። ከፊት የሚስቡት ሁለት መያዣዎች ናቸው። ከጉድጓድ ውሃ የሚስብ ሰው ገመዱን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን እጁን ወደፊት እንደሚሰደው፣ አንዱ ሲስብ ሌላው ለመያዝ ይመለሳል፤ መሃል ላይ ለአፍታም መላላት የለም። መጨረሻ ላይ መጋዙ ከሚሄደው ቋሚ ጋር አብሮ እየተጓዘ ይቆርጣል። መስመራችን በደቂቃ 70 ሴንቲ ይስብ ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ያለውን አንዱን ቋሚ የሚያህል ለማውጣት ስድስት ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። ሲወጣ እጅ የማያስነካ ትኩስ ነው።

ይህ መስመር መቆምን አይወድም። አንድ ሌሊት መሳቢያው ተበላሽቶ ቆመና ሬዚኑ ዳዩ ውስጥ ደረቀ። ዳዩን ፈትተን፣ የተጣበቀውን ከውስጡ ለማስወጣት እስከ ንጋት ታገልን፤ ክሮሙ እንዳይጫር ብረት መጠቀም ስለማይቻል በእንጨትና በነሐስ ነበር የምንጎረጉረው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጥቅል አልቆ፣ ከአዲሱ ጋር ሳልቀጥለው ክሩ ገብቶ አለቀ። ከመቶ ክር አንድ ነው። ማንም አያይም ብዬ አልነበረም፤ ዓይኔ ሌላ ረድፍ ላይ ስለነበር ነው። ተቆጣጣሪዋ ፊሊፒናዊት የተቆረጠውን ፊት በእጅ ባትሪ አይታ፣ ነጠብጣቡ መሃል ያለውን ክፍተት አገኘችው። 12 ሜትር ተቆርጦ ተጣለ። ጠራችኝና ክፍተቱን በጥፍሯ እያሳየች «በዚህ ላይ ሰው ይወጣበታል» ብቻ ብላኝ ሄደች። ክዳኑን ሳልፈታ መሰላል የማልገዛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

ዘዴው አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ብራንት ጎልድስዎርዚ ከባልደረባው ጋር የመሳቢያ ማሽኑን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። «ፕላስቲክ ላይ አልወጣም» ለሚለኝ ደንበኛ ሁሌ የምነግረው ግን የድልድዮቹን ነገር ነው። ስኮትላንድ፣ አበርፌልዲ ውስጥ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቴይ ወንዝ ላይ የቆመ 113 ሜትር የእግረኛ ድልድይ አለ፤ ወለሉ በዚህ ዘዴ ተስቦ የወጣ ፋይበርግላስ ነው። ዴንማርክ ኮልዲንግ ላይም በ1997 እ.ኤ.አ. በባቡር ሃዲድ አናት ላይ 40 ሜትር የሆነ ድልድይ ዘርግተዋል።

ወደ መርካቶ ልመለስ። የመጀመሪያው መሰላል ክዳን ሲነሳ፣ ቋሚው በሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ ነጭ፣ ደረቅ ክር ታየኝ። በጥፍሬ ስነካው ተበተነ። ሬዚን ያልጠጣ ክር ማለት ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ መስታወቱ ከመስታወቱ ጋር አልተያያዘም። ውሃም በዚያ ነው የሚገባው። ሁለተኛው ላይ ማቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ነበር፤ አንዱ ፊት ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን። ጨርሶ ያስጠላኝ ግን ከታች ሶስተኛው መርገጫ ቋሚውን የሚነካበት ቦታ ላይ ያየሁት ጸጉር የምታክል ነጭ ስንጥቅ ነው። ባለሱቁ «ጭረት ነው፣ ከማጓጓዝ የመጣ» አለኝ። ጭረት በጣት ሲዳስሱት ይሰማል፤ ይቺ አትሰማም፣ ከውስጥ ናት።

ሶስተኛው ነው አሁን ያለኝ። ነጠብጣቡ ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ ማቱ በሁለቱም ፊት አንድ አይነት ውፍረት፣ ክፍተት የለ፣ ደረቅ ክር የለ። ከዚያ የአንድ ብር ሳንቲም አወጣሁና ከላይ እስከ ታች በየጣት እርቀቱ ቋሚውን ኳ ኳ እያደረግሁ ሄድኩ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምጽ ይሰጣል፤ ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ ደግሞ ድምጹ ይደነቁራል። ሁለቱንም ቋሚ በዚህ መልክ ጨረስኩ። ቀጥሎ የጥጥ ጨርቅ በጎኑ ላይ አንሸራተትኩ፤ አንድም ቦታ ክር አልያዘውም። መጨረሻ ላይ መሬት አጋድሜው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በቁመቱ አየሁት፤ ጥምዝምዝ የለውም። ባለሱቁ መጀመሪያ ቢሰለችም፣ ሳንቲሙ ጋ ስደርስ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ማዳመጥ ጀመረ። ያን ትዕግስት አመሰግንለታለሁ። ዋስትና ስጠይቀው ግን «የሸጥነውን አንመልስም» ነው ያለኝ፤ ደረሰኙ ላይም የእቃውን መለያ ቁጥር ሊጽፍልኝ አልፈለገም። ይህን ያህል ብር ለሚያወጣ፣ ሰው ነፍሱን ለሚሰጠው እቃ ይህ ትክክል አይደለም። ለምኜ በእስክሪፕቶ አጻፍኩት።

ስለ አጠቃቀሙ። ከባድ ነው። ፋይበርግላስ ራሱ በመጠኑ ከአሉሚኒየም ይቀላል፤ ግን እንደ አሉሚኒየም ድርቅ ያለ አይደለም፣ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ቋሚውን ወፍራም አድርገው ይሰሩታል፣ ክብደቱም ከዚያ ይመጣል። ብቻዬን አቆመዋለሁ፤ ግን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ብቻዬን ይዤው አልወጣም፣ ረዳት ያስፈልጋል። ተዘርግቶ መሃሉ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ትወዛወዛላችሁ። የመጀመሪያው ሳምንት ልቤን አርዶኝ ነበር። መወዛወዙ ጉድለት አይደለም፤ የክሩ ባህሪ ነው፣ ተጎንብሶ ይመለሳል። አሉሚኒየም ከልክ በላይ ሲታጠፍ እንደታጠፈ ይቀራል፤ ይሄኛው አይጎብጥም፣ ወይ ይመለሳል ወይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዓይን «ቀጥ ብሏል፣ ደህና ነው» ማለት አይቻልም፤ በየወሩ ሳንቲሙን ይዤ የምዞረው ለዚህ ነው። አቋቋሙን በተመለከተ፣ ከፍታው አራት ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ይራቅ፤ ጣሪያ ላይ የምትወጡ ከሆነ ጫፉ ከጣሪያው አንድ ሜትር ያህል ይለፍ።

ሐምሌ 2017 ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ጀሞ አካባቢ እናቴን የሚያህሉ ሴት ቤት የውጭ መብራታቸው እየበራ እየጠፋ አስቸግሯቸው ጠሩኝ። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል፣ ግቢው ጭቃ ነው። መሰላሉን አሸንዳው ላይ አስደግፌ ወጣሁ። ምንም ብረት ከመያዜ በፊት ቴስተር ማስነካት ከልጁ ጉዳት በኋላ የያዝኩት ልማድ ነው፤ አሸንዳውን አስነካሁት። ደብዘዝ ብሎ በራ። እንደ ሶኬት ቦግ አላለም፣ ደብዘዝ ብሎ ነው፤ እኔ ከመሬት የተለየሁ ስለነበርኩ። እጄን ሳልዘረጋ ወረድኩ። ዋናውን ማጥፊያ ሳላጠፋ ሴትዮዋንም ልጆቹንም ከቆርቆሮው ግድግዳ አራቅኋቸውና በቮልት መለኪያ ለካሁ፤ በአሸንዳውና በመሬት መካከል 214 ቮልት። ጣሪያው ስር የተሰመረ ገመድ በቆርቆሮው ጠርዝ ተልጦ፣ ጣሪያውም አሸንዳውም ኮረንቲ ይዘዋል። ዋናውን አጥፍቼ፣ ገመዱን በሙሉ ቀይሬ ነው የሄድኩት። «ልጄ፣ ትናንት ሳስጣ እኮ ቆርቆሮው ቆነጠጠኝ፣ እርጅና ነው ብዬ ዝም አልኩ» አሉኝ። አሉሚኒየም መሰላል ይዤ ቢሆን ኖሮ፣ ከአሸንዳው ጋር ያነካካሁት ቅጽበት መሰላሉ ራሱ ይይዝ ነበር፤ እኔም ረዳቴም ከታች በሁለት እጃችን ይዘነዋል።

ይህ ማለት ግን የፋይበርግላስ መሰላል የያዘ ሰው ኮረንቲ ያለበት መስመር ላይ ይስራ ማለት አይደለም። መርገጫው አሉሚኒየም ነው፣ መቆለፊያው ብረት ነው፤ የሚያድነው በመርገጫና በመርገጫ መካከል ያለው 30 ሴንቲ ደረቅ፣ ንጹህ ፋይበርግላስ ነው። ጭቃና ሲሚንቶ ከተለጠፈበት፣ ውሃ ከፈሰሰበት፣ ያ ጭቃና ውሃ ኮረንቲውን ያሻግሩታል። በየቀኑ ማታ በሳሙና ውሃ አጥቤ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። የመንገድ ላይ የ15 ሺህና የ33 ሺህ ቮልት መስመር ደግሞ ምንም አይነት መሰላል ይዘን የምንጠጋው አይደለም፤ ያ የመብራት ኃይል ሰዎች ስራ ነው።

ቅሬታዎቼ እነዚህ ናቸው። አብሮት የመጣው የመሳቢያ ገመድ ስምንት ወር አልቆየም፤ ቋጠሮው አካባቢ ጸጉር አውጥቶ ሳሳ። ይህን የመሰለ ቋሚ ሰርተው በዚያ ገመድ መጨረስ ያናድዳል። ወፈር ያለ የናይለን ገመድ ገዝቼ ቀየርኩት። የእግሩ ጎማ ኮብልስቶን ላይ ቶሎ ይበላል፤ የቀኙን ቀይሬያለሁ፣ መለዋወጫውን ለማግኘት አምስት ሱቅ ዞርኩ። የማስጠንቀቂያ ተለጣፊው የመጀመሪያው ክረምት ሳያልቅ ተላጠ፤ በአማርኛም አልነበረም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ጸሃዩ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ ጸሃዩ ዝቅ ካለ አገር የበለጠ አልትራቫዮሌት አለው። አንድ የማውቀው ካሜራ ሰራተኛ የእሱን ፋይበርግላስ መሰላል ሶስት ዓመት ጣሪያ ላይ ጥሎት ነበር። ቢጫው ወደ ነጭ ሄዶ፣ ሬዚኑ ከላይ ተበልቶ፣ መስታወቱ እንደ ሱፍ ወጥቷል፤ በባዶ እጅ የያዘው ሰው ሲያክከው ይውላል። ይህን የመሰለ ቋሚ ቆሻሻና እርጥበት ይይዛል፣ ያኔ ከኮረንቲ መጠበቁም ይቀንሳል። የእኔ ደረጃ ስር፣ ጥላ ውስጥ፣ ሁለት ቦታ ተደግፎ ተጋድሞ ነው የሚያድረው። ሲጓጓዝም መኪናው ላይ ሁለት ቦታ ላይ ጨርቅ አድርጌ አጥብቄ አስረዋለሁ፤ ብረት ላይ እየተንቀጫቀጨ ከሄደ ያቺን ነጠላ የመሰለች የላይ ሽፋን ይፍቃታል።

አንድ ነገር ደግሞ። ጎረቤቴ ብየዳ ቤት ያለው ሰው ቋሚው ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቶ የመሳሪያ መስቀያ መንጠቆ በብሎን ሊያስርልኝ ፈለገ፤ በቅንነት ነው፣ ገንዘብም አልጠየቀኝም። አይሆንም አልኩት። ብረት ላይ ቀዳዳ ቢበሱ ብረቱ ብረት ነው። እዚህ ግን የሚበሳው ድሩ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሸክሙን ይዞ የሚወርደው ክር እዚያ ላይ ይቆረጣል፣ ከቀዳዳው ጠርዝ ውሃ ይገባል፣ ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ቀለም መቀባትም እንደዚሁ፤ ስንጥቁን ይሸፍነዋልና አላደርገውም። መንጠቆውን መርገጫው ላይ በማሰሪያ ቀበቶ አስሬዋለሁ።

ለማን ይሁን? ውስጥ ቤት ብቻ ለሚሰራ፣ ለቀለም ቀቢ፣ ለመጋረጃ ሰቃይ እኔ ስገዛ ከአሉሚኒየሙ ጋር የነበረውን የ23 ሺህ ብር አይነት ልዩነት ክፈል አልለውም፤ ክብደቱ ብቻ ያደክመዋል። ከሽቦ ጋር ለሚውል ሰው፣ ለኤሌክትሪክ ሰራተኛ፣ ለካሜራና ለኢንተርኔት ገጣሚ ግን ሌላ መሰላል አይግዛ። ብሩ ካልሞላ ደረቅ፣ በሽቦ ያልተጠገነ የባህር ዛፍ መሰላል ከአሉሚኒየም ይሻለዋል። መርካቶ ስትሄዱ ካቻቢቴና ሳንቲም ያዙ፤ ክዳኑን አላስፈታም ያለ ሱቅ ካጋጠማችሁ ቀጣዩን ሱቅ ግቡ። እኔ አሁን ለውስጥ ስራ የሚሆን፣ ባለ ስድስት መርገጫ ራሱን ችሎ የሚቆም ፋይበርግላስ እያጠራቀምኩለት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሁለት አይቼ፣ የአንዱ ማዕዘን ደረቅ ስለነበር፣ የሌላው ባለቤት ደግሞ ክዳኑን አላስከፍትም ስላለኝ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።